ያልተጨረሰ ቃጠሎ፦ የድሬ ናፍጣ መኪኖችና ዲፒኤፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ዘመናዊ የናፍጣ መኪና ከያዙ ሰዎች ጋር ቁጭ ካላችሁ፣ ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ አንድ ቦታ ይደርሳል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። መኪናው ጉልበት አጥቷል። ዳገት አልወጣም ብሏል። መካኒኩ ኮምፒውተር ሰክቶ አስነብቦ "ዲፒኤፍ ነው" ብሏል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ "አቦ፣ ቆርጠን እናውጣውና ተገላገል!"

ይሄ ምክር ያንገበግበኛል። ብዙውን ጊዜ ያ መኪና አልተበላሸም። የጀመረውን ሥራ የሚጨርስበት ጊዜ አጥቶ ነው። ጊዜውን የነሳነው ደግሞ እኛው ነን። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ተመልሶ ሳቢያን እያልን በአጭር በአጭሩ እንነዳዋለን። የሚቆጨኝ ደግሞ መፍትሔው ደጃችን ላይ መሆኑ ነው። ወደ ሐረር እንደሚወስደው ደንገጎ ያለ ዳገት ከከተማው አፍንጫ ሥር ያለው አገር ስንት አለ?

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ። ዲፒኤፍ የናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ መስመር ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ነው። ከውጭ ሲታይ ከማርሚታ ብዙም አይለይም። ውስጡ ግን ሴራሚክ ነው። ሴራሚኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። አንዱ ቱቦ ከፊት ክፍት ሆኖ ከኋላ ተደፍኗል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ከፊት ተደፍኖ ከኋላ ክፍት ነው። ስለዚህ ከሞተሩ የሚመጣው ጋዝ በአንዱ ቱቦ ገብቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። መውጣት ካለበት የግድ ግድግዳውን ሰርጎ ወደ ጎረቤት ቱቦ መሻገር አለበት። ግድግዳው ጋዙን ያሳልፋል፤ ጥላሸቱን ያስቀራል። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ማጣሪያ በክብደት ሲለካ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ብናኝ ይይዛል።

ሐረር እስካሁን የፔጆ 404 ታክሲዎቿን ትወዳለች። ይህን ማጣሪያ በብዛት በሚመረት የቤት መኪና ላይ ቀድሞ የገጠመውም ያው ፔጆ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው 607 ላይ። ከዚያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ዩሮ 5 የሚባለው ደንብ መጣ። የናፍጣ መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ብናኝ እንዳያወጣ ከለከለ። ያለ ዲፒኤፍ እዚያ ቁጥር ላይ መድረስ የማይታሰብ ስለሆነ አምራቾቹ ሁሉ ገጠሙት። የድሮው አይሱዙና ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘር ይህ ጣጣ የለባቸውም። ለአውሮፓ ገበያ ተሠርቶ እኛ ጋ የደረሰው ፒክአፕና የቤት መኪና ግን አለበት። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው መብራቱ የበራ ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማንኛውም ማጣሪያ ይሞላል። የአየር ማጣሪያ ሲሞላ እናራግፈዋለን ወይም እንቀይረዋለን። ዲፒኤፍ ግን የያዘውን ጥላሸት እዚያው በቦታው አቃጥሎ እንዲጨርስ ነው የተሠራው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ከተቃጠለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሪጄኔሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። ጥላሸት በኦክስጅን ብቻ በደንብ እንዲቃጠል ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ በሚሄድ ናፍጣ መኪና ላይ ግን የጭሱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ200 ዲግሪ አያልፍም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የችግሩ ሁሉ ምንጭ ነው።

መሐንዲሶቹ ይህን ርቀት የሚሞሉበት ሁለት መንገድ አገኙ።

የመጀመሪያው ሹፌሩ ምንም ሳያውቅ የሚካሄድ ነው። ከማጣሪያው ፊት ፕላቲነም የተቀባ ካታሊስት አለ። ሞተሩ የሚያወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ በእሱ ላይ ሲያልፍ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል። ይሄኛው ጋዝ ኦክስጅኑን ለጥላሸቱ አሳልፎ ይሰጣል። በዚህ መንገድ ጥላሸቱ ለመቃጠል 600 ዲግሪ አይፈልግም። ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቀስ በቀስ ይበላል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞተሩ ሸክም ይዞ ለተወሰነ ጊዜ መሥራት።

ደንገጎ እዚህ ላይ ይመጣል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር አካባቢ ነች። መንገዱ ግን ከፍታውን በእኩል አያካፍለውም። ከድሬ እንደወጣችሁ ነው ዳገቱ የሚጀምረው፤ ጥምዝ ላይ ጥምዝ። መኪናው ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ እያጓራ ይወጣል፤ የጫነ ከሆነ ሁለተኛ። ብዙ ሹፌር ይህን መንገድ መኪናን የሚያሰቃይ አድርጎ ያየዋል። ለዲፒኤፍ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ ገዝታችሁ ከስልካችሁ ጋር ብታያይዙት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዚራ ውስጥ 150 እና 180 ላይ ሲንከላወስ የነበረው የጭስ ሙቀት ዳገቱን ስትይዙ መውጣት ይጀምራል። 250ን ያልፋል፣ 300ን ያልፋል፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ እስካላነሳችሁ ድረስም እዚያው ይቆያል። በዚያች ሰዓት ማጣሪያው ማንም ሳይነግረው እየጸዳ ነው።

ለዚህ ነው በየቀኑ ሐረር የሚመላለስ ሰው ስለ ዲፒኤፍ መብራት ብዙም የማያማርረው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት መኪና ገዝተው አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የማያውቀው በዚሁ ነው። መኪናው አንድ ነው፤ የሚሄዱበት መንገድ ለየቅል።

መመለሱ ግን ተቃራኒ ነው። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ ናፍጣ አይረጭም። ጭስ ማውጫው ይቀዘቅዛል። ቃጠሎ ተጀምሮ ከነበረ ይደበዝዛል። ስለዚህ "ሐረር ደርሼ መጣሁ" ያለ ሰው ሁሉ ሙሉውን መንገድ ለማጣሪያው ሠራበት ማለት አይደለም። የሠራው መውጫው ነው። ከላይ አደሌንና ሐረማያን አልፎ እስከ አወዳይ ያለው መንገድም ሞተሩ በደንብ ሞቆ ስለሚደርስበት፣ ገበያው መንገዱን ካልዘጋው፣ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያዘው ነው። ከማጣሪያው ፊትና ኋላ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው አንድ የግፊት ሴንሰር ላይ ይገናኛሉ። ማጣሪያው እየሞላ ሲመጣ ከፊት ያለው ግፊት ከኋላው ይበልጣል። ኮምፒውተሩ ይህን ያነባል። ከዚያ በተጨማሪ አነዳዳችሁን እያየ ምን ያህል ጥላሸት እንደተጠራቀመ በስሌት ይገምታል። ገደቡ ላይ ሲደርስ ኢንጀክተሮቹን ተጨማሪ ናፍጣ እንዲረጩ ያዛቸዋል። ይህኛው ናፍጣ የሚረጨው ዋናው ፍንዳታ ካለፈ በኋላ ስለሆነ መኪናውን አይገፋም። ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣና ካታሊስቱ ላይ ደርሶ እዚያ ይቃጠላል። ማጣሪያው ጋ የሚደርሰው ጋዝ ወደ 600 ዲግሪ ይወጣል። ጥላሸቱም ይቃጠላል።

ይህ እንደየመኪናው በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ የሚደጋገም ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። አብዛኞቹ መኪኖች ሲጀምሩት ምንም መብራት አያበሩም። ሹፌሩ አያውቅም። ባያውቅም ግድ የለም ተብሎ ነው የተነደፈው፤ አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው ከቤቱ ሥራው ድረስ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መንገድ ይነዳል ተብሎ ታስቧልና።

ድሬ ግን ሌላ ናት። ከተማችን ሰብሰብ ያለች ናት። ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ለመድረስ፣ ባጃጁ ካላስቆማችሁ፣ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ደርሳችሁ ታጠፉታላችሁ። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቀትር ላይ ታይዋን ገበያ በር ላይ ሰው እየጠበቀ ኤሲ ከፍቶ ሞተር ሳያጠፋ የሚቀመጥ ስንት አለ? የቢሮ ሹፌሮች በተለይ። አለቃ ስብሰባ ላይ ነው፣ መኪናው ውጭ ይንተከተካል። ቆሞ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ጭሱ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ምንም አያቃጥልም፤ ጥላሸት ግን ያጠራቅማል። አንድ ሰዓት ቆሞ መሥራት ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ዜሮ ነው። ማጣሪያው ላይ ግን ዜሮ አይደለም።

እስቲ አንዱን ቀን እንከተለው። መኪናው ጠዋት ከሳቢያን ተነሳ። ገደቡ ላይ ስለደረሰ ሞተሩ እንደሞቀ ቃጠሎ ጀመረ። ናፍጣ መርጨት ያዘ፣ ካታሊስቱ ጋለ። ነምበር ዋን ሠፈር ሲደርስ ሹፌሩ ቁልፉን አጠፋ። ቃጠሎው ተቋረጠ። ከሰዓት ሲነሳ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ፣ እንደገና ተቋረጠ። ማታም እንዲሁ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ኮምፒውተሩ ቢጫውን መብራት ያበራል። መብራቱ "ተበላሽቻለሁ" አይልም። "ብቻዬን አልቻልኩም፣ መንገድ ስጡኝ" ነው የሚለው። እዚህ ደረጃ ላይ ችግሩ የሚፈታው በናፍጣ ዋጋ ነው። ችላ ከተባለ ግን ጥላሸቱ ይበዛና ኮምፒውተሩ ቃጠሎውን ራሱ ይከለክላል። በጣም የሞላ ማጣሪያ አንዴ ከተቀጣጠለ ሴራሚኩን ሊያቀልጠው ይችላል። ያኔ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ሌላ መብራትም ይጨመራል፣ ነገሩም የጋራዥ ይሆናል።

በየመሃሉ የሚቋረጠው ቃጠሎ ሌላም መዘዝ አለው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። ያ ዘግይቶ የሚረጨው ናፍጣ ሁሉም ወደ ጭስ ማውጫ አይሄድም። ጥቂቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ አርሶ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቃጠሎው በተደጋገመ ቁጥር ዘይቱ ውስጥ ናፍጣ ይጠራቀማል። ስለዚህ ዘይት መለኪያውን ስታወጡ ከላይኛው ምልክት አልፎ ካገኛችሁት "ጎበዝ መኪና፣ ዘይት አይበላም" ብላችሁ አትደሰቱ። አሽትቱት። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ቶሎ መቀየር አለበት። የቀጠነ ዘይት ተርቦውንና ብሮንዚናውን ይጎዳል። የዲፒኤፍ ችግር ሞተር አስወረደ ሲባል የምትሰሙት አንዳንዴ መንገዱ ይሄ ነው።

ታዲያ ቃጠሎ ላይ መሆኑን በምን እናውቃለን? ጆሮና አፍንጫ ይበቃል። ሚኒሞው፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያለው የሞተር ዙር፣ ከወትሮው ከፍ ይላል። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል። የፍጆታ መቁጠሪያ ካለው ድንገት ከፍ ይላል። ስታቆሙ የራዲያተሩ ፋን በሙሉ ኃይል ይሽከረከራል፤ አንዳንዴ ቁልፉን አውጥታችሁም አያቆምም። የጋለ ብረት የመሰለ ሽታ ይመጣል። እነዚህን ካያችሁ አታጥፉት። ሥራ ካልበዛባችሁ ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ወጣ ብላችሁ ተመለሱ። ጊዜ ካላችሁ ደንገጎን ያዙ። መብራቱ ከበራ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ፣ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ከ2,000 ዙር በላይ እንዲሠራ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ ንዱ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። የደወሌ መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሜዳ ነው፣ ረጅም ነው፣ ማቆሚያም ብዙ የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ቃጠሎ ላይ ያለ መኪና ጭስ ማውጫው በጣም የጋለ ነው። ድሬ ውስጥ የጫት ገረባ ያልወደቀበት ጥላ ማግኘት ይከብዳል። ቀትር ላይ የደረቀ ገረባ ወይም ሣር ላይ እንዲህ ያለ መኪና ማቆም እሳት መጫር ነው። ባዶ አስፋልት ወይም አፈር ላይ አቁሙ። ልጆችም ከኋላው እንዳይጫወቱ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ቃጠሎው በተፋፋመበት ድንገት አቁማችሁ በሚኒሞ አትተዉት። ጥላሸቱ እየነደደ ሳለ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ በጭሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይበዛል፣ ሙቀቱን ጠርጎ የሚያወጣው የጋዝ ፍሰት ግን ይቀንሳል። ብዙ ጥላሸት የያዘ ሴራሚክ በዚህ ጊዜ ከመጠን በላይ ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መንገድ ሰጥታችሁትም ካልጸዳ ሌላ የሚከለክለው ነገር አለ። የእኛ አገር ልዩ በሽታ ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ የሚቆጣጠረው ቫልቭ፣ ነው። ሙቀት አገር ስለሆነ መኪናው ትንሽ ሲሞቅ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ለድሮ ሞተር ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ዲፒኤፍ ላለው መኪና ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ መድረሱን ካላየ ቃጠሎ አይጀምርም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደግሞ በተለይ ሌሊትና ቁልቁለት ላይ እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይውላል። ከዚያ ዲፒኤፉ ይሞላል፣ ዲፒኤፉ ይረገማል። ሁለተኛው የነዳጅ መጠን ነው። ብዙ መኪኖች ታንከሩ ሪዘርቭ ላይ ከደረሰ ቃጠሎ አይጀምሩም። ማደያው ሰልፍ ሲሆን በሪዘርቭ መኖር ለምደናል፤ መብራቱ በርቶ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቅዱ። የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ተርቦ፣ የተደፈነ ኢጂአር (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ)፣ በአቧራችን የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የተቀደደ የሴንሰር ቱቦ፣ እነዚህም አሉ። ጥሩ መካኒክ ዲፒኤፉን ከመንካቱ በፊት እነዚህን ያያል።

የማይቃጠለውስ? እሱ አመድ ነው። ቤት ውስጥ ፈርኔሎ የምታነድ ሴት ይህን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች፤ ከሰሉ ይነዳል፣ አመዱ ከታች ይቀራል፣ አመዱ ካልተጠረገ አየር አጥቶ እሳቱ ይታፈናል። ዲፒኤፍም እንዲሁ ነው። ጥላሸቱ ከናፍጣው ይመጣል፤ አመዱ ግን በአብዛኛው ከሞተር ዘይቱ ነው። ዘይት ውስጥ ካልሲየም፣ ዚንክ፣ ማግኒዚየም የያዙ መድኃኒቶች አሉ። ዘይቱ ጥቂት ጥቂት ሲቃጠል እነሱ አመድ ሆነው ማጣሪያው ውስጥ ይቀራሉ። የትኛውም ፍጥነት፣ የትኛውም ዳገት አያጸዳቸውም። ለዚህ ነው ዲፒኤፍ ላለው መኪና አመዱ ያነሰ ዘይት የሚታዘዘው። የአውሮፓ ቀላል መኪኖች ላይ ዕቃው ላይ ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል ደረጃ ይጻፋል። የጃፓን ቀላል ናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ ዲኤል-1 የሚል አለ። "15-40 ያው 15-40 ነው" ብሎ ለአሮጌ ሎንቺና የሚሆነውን ዘይት መጨመር የማጣሪያውን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

የናፍጣው ድኝም ጉዳይ ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ካታሊስቱ ላይ ያለውን ፕላቲነም ያዳክመዋል። ካታሊስቱ ሲዳከም ያ ዳገት ላይ በዝምታ የሚሠራው የመጀመሪያው መንገድ ይቀዘቅዛል። በጀሪካን የሚሸጥ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ናፍጣ ደግሞ ለኢንጀክተሩም ለማጣሪያውም መርዝ ነው። ከባድ መኪና የያዛችሁ ደግሞ አድብሉ የሚባለውን ፈሳሽ ከዚህ ጋር አታምታቱ። እሱ ለሌላ ጋዝ ነው፤ ጥላሸት አያቃጥልም።

ሁሉንም ጥፋት ሹፌሩ ላይ መከመርም ልክ አይደለም። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. የወሰነው ጉዳይ አለ። በ2015 እና በ2020 እ.ኤ.አ. መካከል እዚያ የተሸጡ፣ ከ260 ሺህ በላይ የሚሆኑ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖች የዲፒኤፍ ሥርዓታቸው ጉድለት አለበት ብሏል። የሚገርመው ችግሩ የሚወጣው ረጅም መንገድ ላይ፣ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ዘወትር ሲነዱ መሆኑ ነው። ነጭ ጭስና መጥፎ ሽታ ያወጡ ነበር። ስለዚህ በአግባቡ ነድታችሁት እያለ መብራቱ ደጋግሞ ከበራ "አነዳድህ ነው" የሚላችሁን ዝም ብላችሁ አትመኑ። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዳለ ጠይቁ።

አሁን ወደ መቁረጡ ልመለስ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕቃው ይወርዳል፣ ሆዱ ይቀደዳል፣ ሴራሚኩ ተሰባብሮ ይወጣል፣ ባዶው ይበየዳል፣ ኮምፒውተሩም ማጣሪያ እንደሌለ እንዲያውቅ ሶፍትዌሩ ይቀየራል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። መኪናው ይሄዳል። መብራቱ ጠፍቷል። ጋራዡንም ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም፤ ደንበኛው ነገ ጭነት አለበት፣ አዲስ ዲፒኤፍ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ማጣሪያውን የሞላው ምክንያት አልተነካም። የሚያፈሰው ኢንጀክተር አሁንም ያፈሳል፤ የሚለየው ማንም አለማወቁ ነው። የሚወጣው ጥላሸት ደግሞ የትም አይሄድም። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የምንተነፍሰው እሱን ነው። መንገድ ዳር ሳምቡሳ የምትጠብሰው እናት፣ ባጃጅ ውስጥ ያለ መስኮት የተቀመጠ ተማሪ፣ ሁሉም ከጭስ ማውጫው ጋር ፊት ለፊት ናቸው። የናፍጣ ጥላሸት ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር በመጀመሪያው ምድብ አስገብቶታል። የራሴን መኪና ችግር ከራሴ አውርጄ ለሠፈሩ ልጆች ማሸከም ለእኔ አይዋጥልኝም።

"ኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው፣ ይሄ ሁሉ ያልፋል" የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ግን ያ ማለት ያሉት የናፍጣ መኪኖች ይጠፋሉ ማለት አይደለም። እንደውም ምትክ ስለማይገኝላቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። ያለውን በደንብ መያዝ ከመቼውም በላይ አሁን ያስፈልጋል።

ከመቁረጥ በፊት ያሉ አማራጮች አሉ። ባለሙያው መኪናው ቆሞ እያለ በኮምፒውተር አስገድዶ ቃጠሎውን ሊያስጀምረው ይችላል። ይህ ደጅ ላይ፣ ከሚነድ ነገር ርቆ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየር ይመከራል። አመድ የሞላው ደግሞ ወርዶ ለዚሁ በተሠራ ማሽን ይጸዳል። በመኪና ማጠቢያ ውኃ በኃይል መርጨት ግን ቀጫጭኑን ግድግዳ ሊሰብረው ይችላል። "አጠብነው" ተብሎ የተመለሰ ዲፒኤፍ ቀዳዳ ሆኖ ሁሉን የሚያሳልፍ ከሆነ ከተቆረጠው በምን ይለያል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ከሳቢያን ወጥቶ የማያውቅ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ገበያ የሚመለስ ሰው ዲፒኤፍ ያለው የናፍጣ መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። በየሳምንቱ ሆን ብሎ ዳገት ካልወጣ በስተቀር ሁሌም ከመብራቱ ጋር ይጣላል። ለእሱ ቤንዚን ወይም ኤሌክትሪክ ይስማማዋል። በርካታ መኪና ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም ስምሪታቸውን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። አንዱ መኪና ሁሌ ጅግጅጋ፣ አንዱ ሁሌ ከተማ ከሚሆን፣ ቢያፈራርቋቸው የከተማውም ማጣሪያ በየተራው መንገድ ያገኛል። ይህ ሳንቲም አይጠይቅም።

ያገለገለ የናፍጣ መኪና የምትገዙ ደግሞ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ጭስ ማውጫው ቀዝቅዞ እያለ፣ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ጥረጉ። ደህና ዲፒኤፍ ያለው መኪና ጭስ ማውጫው ውስጡ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ጣታችሁ ጥቁር ጥላሸት ይዞ ከወጣ ወይ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይ ከነጭራሹ የለም። ከሥር ገብታችሁ ሆዱ ላይ የብየዳ ምልክት ፈልጉ። ቁልፉን ስትከፍቱም የዲፒኤፍ መብራቱ እንደሌሎቹ ለአፍታ በርቶ መጥፋቱን እዩ፤ ምልክቱ ያለው መኪና ላይ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ከዚያ ሻጩ ጋ ተመልሳችሁ የአዲስ ዲፒኤፍን ዋጋ ቀንሳችሁ ተደራደሩ።